ቪፒኤን፣ ሳይፎን፣ ቶር ወይስ ሲግናል? ማንነትን እንሰውራለን የሚሉ አገልግሎቶች እስከ ምን ድረስ ይታመናሉ

በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ባሕር ዳር ውስጥ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ለአንተ የትኛው ነው እየሠራልህ ያለው?" የሚል ነበር። ሰው ለሰው ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን አሽጎ በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ አፕ) ይጠቁማል፣ አፑን ይላላካል፣ አልሠራ ሲል ሌላ ይሞክራል። ሐምሌ ላይ ገደቡ ተነሣ። አፑ ግን ስልክ ላይ ቀረ። አብሮት አንድ እምነትም ቀረ፦ "ቪፒኤን ካበራሁ ማን ያየኛል?"

እንዲያውም የሚያይ አለ። ማን እንደሆነ ነው የሚለያየው።

የተገደበ ገጽ መክፈት አንድ ሥራ ነው። ማንነትን መሰወር ሌላ ሥራ ነው። አንዳንዱ አፕ ሁለቱንም ይሠራል። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ብቻ። አንዳንዱ ደግሞ ገጹን እየከፈተላችሁ እናንተን ይሸጣል። ስለዚህ እዚህ "ምርጥ 10 ቪፒኤን" የሚል ዝርዝር አታገኙም። እንዲህ ያለውን ደረጃ የሚያወጡ ብዙ ገጾች ባመጡት ገዢ ልክ ኮሚሽን የሚታሰብላቸው ናቸው። መመዘኛውን እናስቀድም።

## መመዘኛዎቹ

ከማን ነው የምትደበቁት? ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ይወሰናል።

ፍኖተ ሰላም ያለች አንዲት እኅት ስለ አንድ በሽታ ስታነብ የቤት ሰው እንዳያይባት ትፈልግ ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተማሪ የግቢውን ዋይፋይ የሚያስተዳድረው ክፍል የሚገባበትን ገጽ እንዳያውቅ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ሆቴል ያረፈ ነጋዴ የሆቴሉን ዋይፋይ አያምነውም። ሌላው ጉግልና ፌስቡክ በማስታወቂያ መከታተላቸው ሰልችቶታል። ሌላው ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያየውን ሙስና ሲጠቁም ስሙ እንዳይወጣ ይፈልጋል።

እነዚህ አንድ ዓይነት ችግሮች አይደሉም። ለፍኖተ ሰላሟ እኅት በዶላር የሚከፈል ቪፒኤን ምንም አይፈይድላትም። ስልኳን አንሥቶ የብራውዘሯን ታሪክ የሚያይ ሰው በኔትወርክ በኩል አይመጣም። ለእሷ የስልክ መቆለፊያና ታሪክ የማያስቀር ብራውዘር ይበልጣል። ለሙስና ጠቋሚው ግን ቪፒኤኑም ቶሩም ብቻውን አይበቃም። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አገልግሎቱ ስለ እናንተ ምን ያውቃል? "ምን ቃል ገባ?" ማለቴ አይደለም። "ቢፈልግ ምን ማየት ይችላል?" ማለቴ ነው። ድርጅቱ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። ሊሸጥ ይችላል። በፍርድ ቤት ሊገደድ ይችላል። ዳታው ሊሰረቅበት ይችላል። ይህ ሁሉ ሲመጣ የሚያድናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጀመሪያውኑ የሚሰጠው ነገር በእጁ አለመኖሩ።

ነገሩ በቀላሉ እንዲታይ፣ ከማርቆስ መናኸሪያ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ዕቃ በሾፌር መላክን አስቡ። ቪፒኤን ማለት ዕቃውን በታሸገ ካርቶን ለአንድ ሾፌር መስጠት ነው። መንገድ ላይ ያለ ፈታሽ ካርቶኑን ያያል እንጂ ውስጡንም የተቀባዩንም ስም አያይም። ሾፌሩ ግን ላኪውንም ተቀባዩንም ያውቃል። ቶር ደግሞ ሦስት ሾፌር ነው። የመጀመሪያው ከእናንተ ይቀበላል፣ መጨረሻው የት እንደሆነ አያውቅም። መሐለኛው ከሾፌር ተቀብሎ ለሾፌር ያስረክባል። ሦስተኛው ለባለቤቱ ያደርሳል፣ ከማን እንደመጣ ግን አያውቅም።

ያለ ቪፒኤን ስትጠቀሙ ቴሌኮሙ ምን ያያል? ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ ስለሆነ የጻፋችሁትን አያነብም። የትኛው ድረ ገጽ እንደገባችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ዳታ እንደወጣ ግን ያውቃል። ሲም ካርዱ በስማችሁ የተመዘገበ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አገልግሎት ሰጪዎች የዚህን ዓይነት የትራፊክ ዳታ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዝዛል። ቪፒኤን ስታበሩ ይህን ሁሉ የማየት ዕድል ከቴሌኮሙ ወስዳችሁ ለቪፒኤኑ ባለቤት ሰጣችሁ ማለት ነው። ዕድሉ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ እንጂ አልጠፋም።

ቃሉ ተፈትኗል? ሁሉም ቪፒኤን "ሎግ (ማን፣ መቼ፣ ወዴት እንደገባ የሚያሳይ መዝገብ) አንይዝም" ይላል። ማለት ነጻ ነው። ፖሊስ በሩን አንኳኩቶ፣ ፍርድ ቤት አዝዞ ወይም ሰርቨሩ (ዳታችሁ የሚያልፍበት የድርጅቱ ኮምፒውተር) ተወርሶ ምን እንደተገኘ ማየት ግን ይቻላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በተለያየ አገር ሰርቨር ማቆም ወጪ አለው። እናንተ ካልከፈላችሁ ሌላ ከፋይ አለ። ከፋዩ በግልጽ ከታወቀ ጥሩ። ካልታወቀ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

እኛ ጋ ይሠራል? በደካማ ኔትወርክ፣ በተገዛ ፓኬጅ፣ የውጭ መክፈያ ካርድ በሌለበት። አንድ ነገር ከወዲሁ እንተማመን። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል እንዳየነው የሞባይል ዳታው ራሱ ሲቋረጥ ከነዚህ አንዱም አይሠራም። ቪፒኤን ያለ ኢንተርኔት ኢንተርኔት አያመጣም።

## ኢንኮግኒቶ

ብራውዘር ውስጥ ያለው የግል መስኮት ነው፣ ቶሎ እንለፈው። የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፦ ብራውዘሩን ስትዘጉ ታሪኩን ስልኩ ላይ አያስቀርም። ቴሌኮሙ ያያችኋል፣ ድረ ገጹ ያያችኋል፣ የዋይፋዩ ባለቤት ያያችኋል። ጉግል በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከሶ፣ በ2024 በስምምነት ሲጨርስ በኢንኮግኒቶ ከተጠቀሙ ሰዎች የተሰበሰበ ብዙ ዳታ ለማጥፋት ተስማምቷል። ለፍኖተ ሰላሟ እኅት ግን ይህ ቀላል ነገር ይበቃታል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

## ነጻ ቪፒኤን

አብዛኛው የጎጃም ስልክ ላይ ያለው ይሄ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ነጻ ነው፣ ኢሜይል አይጠይቅም፣ አንድ ትልቅ ክብ ነገር ተጭኖ ይበራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት 283 የአንድሮይድ ቪፒኤን አፖችን መርምሮ ነበር። 38 በመቶው ላይ የማልዌር (የጎጂ ሶፍትዌር) ምልክት ተገኘ። 18 በመቶው ጭራሽ አይመሰጥርም። ስሙ ቪፒኤን ነው፣ ዕቃው ግን በክፍት ፌስታል ነው የሚሄደው። ብዙዎቹ ደግሞ ተጠቃሚውን የሚከታተል የማስታወቂያ ኮድ ውስጣቸው አለ።

ሦስት ታሪኮችን ላንሣ። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ኦናቮ የሚባል ኩባንያ ገዛ። አፑ ሰዎችን "እጠብቃችኋለሁ" የሚል ነጻ ቪፒኤን ነበር። በእሱ በኩል ፌስቡክ ሰዎች የትኛውን አፕ በምን ያህል እንደሚጠቀሙ ያይ ነበር። አፕል በ2018 እ.ኤ.አ. ከመደብሩ አስወጣው። ሁለተኛው ሆላ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የተጋለጠው ነገር የነጻ ተጠቃሚዎቹን ኢንተርኔት ለሌሎች ደንበኞች መተላለፊያ አድርጎ መሸጡ ነው። ይህ ማለት የማታውቁት ሰው በእናንተ አድራሻ ይወጣል። እሱ ያጠፋው በእናንተ ስም ይመዘገባል። ሦስተኛው ዩፎ ቪፒኤን ነው፣ መቀመጫው ሆንግ ኮንግ። "ምንም ሎግ አንይዝም" ይል ነበር። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የተጠቃሚዎቹ የአይፒ አድራሻ (መሣሪያ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) እና ያልተመሰጠረ የይለፍ ቃል የያዘ ዳታቤዝ ኢንተርኔት ላይ ክፍት ሆኖ ተገኘ። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይሄ ነው።

እኛ ጋ ከዚህ የባሰ አለ። በቴሌግራም ቻናል የሚለቀቀው "ፕሪሚየም ሞድ" እና "ፍሪ ኢንተርኔት ፋይል" የሚባለው ነው። ሞዱን የሠራው ማን እንደሆነ አይታወቅም። አፑ ተከፍቶ፣ ተነካክቶ፣ እንደገና ታሽጎ ነው የመጣው። ፋይሉ ደግሞ ዳታችሁን የሚያሳልፈው በአንድ በማታውቁት ሰው ሰርቨር ነው። ከቴሌኮም ሸሽቶ ስም የለሽ የቻናል አድሚን እጅ መግባት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በዚያ ላይ በዚያው ስልክ የባንክ አፕ የሚከፍት ሰው ስንት ነው?

ነጻ ሆኖ ከፋዩ የሚታወቅም አለ። ፕሮቶን ቪፒኤን ነጻ ክፍል አለው። የዳታ ገደብ የለውም፣ ማስታወቂያ አያሳይም፣ ወጪው የሚሸፈነው ከሚከፍሉ ደንበኞች ነው። አገር መምረጥ አይቻልም፣ አንዳንዴም ይንቀረፈፋል። ነጻ ከሆነ አይቀር ግን እንዲህ ያለውን ነው የምመክረው።

## የሚከፈልበት ቪፒኤን

መክፈል ብቻውን እምነት አይገዛም። እዚህ ላይ የፈተናውን መዝገብ ማየት ያስፈልጋል።

የወደቁ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሶኒ ፒክቸርስ ጠለፋ ጋር የተያያዘ ምርመራ ሲደረግ፣ እንግሊዝ ያለው ሃይድ ማይ አስ የደንበኛውን መዝገብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ አስረክቧል። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ኤፍቢአይ አንዲትን ሴት በኢንተርኔት ሲያሳድድ የነበረ ሰው ሲፈልግ ፒዩር ቪፒኤንን ጠየቀ። ድርጅቱ ሎግ እንደማይዝ ያስተዋውቅ ነበር። ሆኖም አንድ ደንበኛ ከሁለት አድራሻ እንደገባ አሳየ። አንዱ የተጠርጣሪው ቤት፣ ሌላው መሥሪያ ቤቱ። ሰውየው ወንጀለኛ ስለነበር ማንም አላዘነለትም። እኔም አላዝንለትም። ለእኛ የሚጠቅመው ቁም ነገር ግን "የለንም" የተባለው መዝገብ ሲፈለግ መገኘቱ ነው።

ያለፉም አሉ። ሩሲያ በአንካራ የነበራት አምባሳደር በ2016 እ.ኤ.አ. ሲገደሉ፣ የቱርክ መርማሪዎች የኤክስፕረስ ቪፒኤንን ሰርቨር ወስደው ፈተሹ። የሚረዳቸው ነገር አላገኙም። በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የስዊድን ፖሊስ የብርበራ ትእዛዝ ይዞ ጎተንበርግ ወዳለው የሙልቫድ ቢሮ ሄደ። የሚፈለገው የደንበኛ መረጃ እንደሌለ ድርጅቱ አስረዳ። ፖሊሶቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ሙልቫድ እንዴት እንደሚሠራ በቅርበት ማየት ይጠቅማል። ሲመዘገቡበት ስም የለም፣ ኢሜይል የለም። የቁጥር ኮድ ይሰጣችኋል፣ ያ ነው አካውንቱ። ዋጋው በወር 5 ዩሮ ነው፣ ለዓመት ቢገዙም ቅናሽ የለውም። ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ልኮ መክፈል ይቻላል። ቃል ከመግባት ይልቅ መረጃውን አለመቀበል ማለት ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ባለቤት ይለወጣል። ያንን ፈተና ያለፈው ኤክስፕረስ ቪፒኤን በ2021 እ.ኤ.አ. ኬፕ ለተባለ ኩባንያ በ936 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የትናንት መልካም ስም ለዛሬው ባለቤት ዋስ አይሆንም። በየጊዜው ማን እጅ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

የእኛ ትልቁ እንቅፋት ክፍያው ነው። በቴሌብር የሚከፈል የውጭ ቪፒኤን እስካሁን አልገጠመኝም። ብዙ ሰው ውጭ ያለ ዘመዱን ያስከፍላል። ይሄ ይሠራል፣ ግን የዘመዳችሁ ካርድ ስም ከአካውንቱ ጋር ይያያዛል። በቴሌግራም በብር የሚሸጡ "ሼር" አካውንቶችም አሉ። ለፊልም ከሆነ ይሁን። ለምስጢር ከሆነ ግን የሸጠላችሁ ልጅም የይለፍ ቃሉን ያውቀዋል።

## ሳይፎን

ሳይፎን የተወለደው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ዓላማው የተገደበ ኢንተርኔት መክፈት ነው፣ ለዚህም ጎበዝ ነው። ሌላው ሲያቅተው እሱ ይገባል። ነጻው ማስታወቂያ አለው።

ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው የማንነት መሰወሪያ መሣሪያ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራሉ። እኔ ለዚህ ሐቀኝነታቸው አከብራቸዋለሁ። ችግሩ እኛ ጋ ነው፣ ያልተባለውን እንሰማለን። ፌስቡክ ለመክፈት ሳይፎን ጥሩ ነው። ስም ለመሰወር አይደለም።

## ቶር

ቶር የተጀመረው በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ነው፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ። ዛሬ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ያስተዳድረዋል። ሰርቨሮቹን በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ያቆማሉ። ለአንድሮይድ የራሱ ብራውዘር አለው፣ ነጻ ነው፣ ምዝገባ አያውቅም። ከላይ ካነሣናቸው ሁሉ በንድፉ የተሻለው ይሄ ነው። ላኪውንም ተቀባዩንም በአንድ ላይ የሚያውቅ ሾፌር የለውም።

ቀዳዳ ግን አለው። ሦስተኛው ሰርቨር የሚያወጣችሁ ገጽ ያልተመሰጠረ ከሆነ፣ የሰርቨሩ ባለቤት የጻፋችሁትን ማንበብ ይችላል። በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ ስዊድናዊ ባለሙያ እንዲህ ያሉ መውጫ ሰርቨሮች አቁሞ የኤምባሲዎችን የኢሜይል ይለፍ ቃል ሰብስቦ ነበር። ኤምባሲዎቹ ቶር ራሱ ሁሉንም የሚመሰጥር መስሏቸው ነበር። በተጨማሪ መግቢያውንና መውጫውን በአንድ ላይ የሚከታተል ትልቅ አካል ሰዓት እያመሳሰለ ሊደርስባችሁ ይችላል። ይህን የቶር ሰዎች አይደብቁም።

ለእኛ ግን ከሁሉ የከበደው ሌላ ነው። በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ልጅ ፈተና ለማስቀረት ብሎ የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ በኢሜይል ላከ። ቶር ተጠቅሟል። ጊዜያዊ ኢሜይልም ተጠቅሟል። የተገናኘው ግን በግቢው ዋይፋይ ነበር። መርማሪዎቹ ቶርን መስበር አላስፈለጋቸውም። በዚያ ሰዓት አካባቢ ከግቢው ኔትወርክ ቶር የተጠቀመው ማን እንደሆነ አዩ። ጠሩት፣ ጠየቁት፣ አመነ።

ቶር ምን እንደምትሠሩ ይሰውራል። ቶር መጠቀማችሁን ግን በራሱ አይሰውርም። ሐርቫርድን በሚያህል ግቢ ይህ ከሆነ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቶር የሚከፍት ስንት ሰው አለ? ስም የሚሰወረው ብዙ ሰው መሐል ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ያ ብዙ ሰው የለም። ቶር "ብሪጅ" የሚባል መግቢያ አለው፣ ይህንን በተወሰነ ደረጃ ይሸፍናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቶር በ2012 እ.ኤ.አ. መታገዱን የቶር ፕሮጀክት ዘግቦ ስለነበር፣ ብሪጁን ከመጀመሪያው ማብራት አይጎዳም። ብራውዘሩ ሲከፈት ከሚመጣው የግንኙነት ቅንብር ውስጥ ይገኛል።

ፍጥነቱን ተዉት። በሦስት አገር ዞሮ የሚመጣ ገጽ በወረዳ ኔትወርክ ያስተኛል። ለጽሑፍ ይሆናል፣ ለቪዲዮ አታስቡት።

## የመልእክት መላኪያዎች

እዚህ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቪፒኤን አብርቶ በራሱ ስልክ ቁጥር በተከፈተ ቴሌግራም ይጽፋል። እንዲህ ከሆነ ቪፒኤኑ ምን ሠራ? ገና ስትገቡ ቁጥራችሁን ሰጥታችኋል።

ቴሌግራም ጎጃም ውስጥ ከትምህርት ቤት እስከ ዕድር ሁሉ ያለበት ነው። ተራው ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው) አልተመሰጠረም፣ በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። "ሲክሬት ቻት" ብቻ ነው የተለየው። ግሩፖች ጭራሽ አያገኙትም። "አኖኒመስ አድሚን" የሚለው ምርጫ ከግሩፑ አባላት ይሰውራችኋል እንጂ ከቴሌግራም አይሰውራችሁም። መሥራቹ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከታሰረ በኋላ፣ ድርጅቱ ሕጋዊ ጥያቄ ሲመጣ የአይፒ አድራሻና ስልክ ቁጥር እንደሚሰጥ አስታውቋል።

ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጽሑፉን ይዘት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል። ማን ከማን ጋር፣ መቼ እንደተገናኘ ግን የሜታ ኩባንያ ያውቃል።

ሲግናል በዚህ ረድፍ የተሻለው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍርድ ቤት የአንድ ተጠቃሚን መረጃ ጠየቀው። መስጠት የቻለው ሁለት ነገር ነው፦ አካውንቱ የተከፈተበትን ቀንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን። ሌላ አልነበረውም። ሲከፈት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በዩዘርኔም መገናኘት ስለሚቻል፣ ቁጥራችሁን የሚያናግራችሁ ሰው እንዳያየው ማድረግ ይቻላል። ጉድለቱ እኛ ጋ የሚጠቀመው ጥቂት መሆኑ ነው።

ኢሜይል ላይ ብዙ ሰው ፕሮቶን ሜይልን ይጠራል። በ2021 እ.ኤ.አ. በስዊስ ባለሥልጣናት ትእዛዝ የአንድ ፈረንሳዊ የአየር ንብረት ተሟጋች የአይፒ አድራሻ መዝግቦ ሰጥቷል። የደብዳቤውን ይዘት ግን መስጠት አልቻለም፣ የተመሰጠረ ነው። ሰውየው በቶር ገብቶ ቢሆን ኖሮ አድራሻውም ባልተገኘ።

## ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ከማን ይሰውራል | አሁንም የሚያውቃችሁ | ዋጋ | በእኛ ሁኔታ |
|---|---|---|---|---|
| ኢንኮግኒቶ | ስልኩን ከሚያነሣ ሰው | ቴሌኮም፣ ዋይፋይ፣ ድረ ገጽ | ነጻ | ሁልጊዜ ይሠራል |
| ባለቤቱ የማይታወቅ ነጻ ቪፒኤን፣ ሞድ | ምናልባት ከቴሌኮም | ባለቤቱ፣ ማስታወቂያ ሰብሳቢ | ነጻ | ይቅርባችሁ |
| ፕሮቶን ቪፒኤን ነጻው | ከቴሌኮምና ከዋይፋይ | ፕሮቶን፣ የገባችሁበት አካውንት | ነጻ | አንዳንዴ ይንቀረፈፋል |
| የተፈተነ የሚከፈልበት ቪፒኤን | ከቴሌኮምና ከዋይፋይ | ቪፒኤኑ፣ የከፈለው ካርድ | በወር 5 ዩሮ አካባቢ | ክፍያው ያስቸግራል |
| ሳይፎን | ገደብ ያልፋል | ሳይፎን፣ ድረ ገጽ | ነጻ፣ ማስታወቂያ አለው | በደካማ ኔትወርክም ይሞክራል |
| ቶር | ከቴሌኮም፣ ከድረ ገጽም | አንድም ብቻውን ሁሉን አያውቅም | ነጻ | ቀርፋፋ፣ ትንሽ ከተማ ላይ ጎልቶ ይታያል |
| ቴሌግራም | ከግሩፕ አባላት | ቴሌግራም | ነጻ | ሁሉም አለው |
| ሲግናል | ይዘቱን ከሁሉም | ከቁጥር በቀር ጥቂት | ነጻ | ተጠቃሚው ጥቂት |

## ለማን የቱ?

ገደብ ሲመጣ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ሳይፎንና የፕሮቶን ነጻው ይበቃሉ። ሁለቱንም አስቀድማችሁ ከፕሌይ ስቶር ጫኑ። ገደብ ከመጣ በኋላ ማውረዱ ራሱ ያስቸግራል። ሞባይል ቤት ወስዳችሁ "ቪፒኤን ጫንልኝ" አትበሉ፣ የሚጭንላችሁ ያለውን ነው።

በሆቴልና በካፌ ዋይፋይ ለምትሠሩ ነጋዴዎች ያው የፕሮቶን ነጻው ይበቃል፣ አቅም ካለ የሚከፈልበት ይሻላል። የአንድሮይድ ቅንብር ውስጥ ቪፒኤን የሚለው ሥር ቪፒኤኑን ሁልጊዜ ክፍት የሚያደርግና ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን የሚዘጋ ማብሪያ አለ። ሁለቱንም አብሩ። እኛ ጋ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቪፒኤኑ ዝም ብሎ ይወድቃል፣ ስልኩም ሳይነግራችሁ በግላጭ ይቀጥላል። ለባንክ አፕ ደግሞ ቤት ስትሆኑ በራሳችሁ ዳታ ግቡ፣ ቪፒኤን አያስፈልግም።

ተማሪዎች የግቢውን ዋይፋይ ካላመናችሁ ቪፒኤን ይበቃችኋል። ገንዘብ ስለሌላችሁ ወደ ሞድ አትሂዱ፣ ነጻና የሚታወቅ አለ።

ከማስታወቂያ ክትትል መገላገል የምትፈልጉ ቪፒኤኑን እርሱት። ወደ ጉግል አካውንታችሁ ገብታችሁ እስከተቀመጣችሁ ድረስ አይፒ መቀያየር ለውጥ የለውም። ብራውዘሩ ራሱም ከሌላው ሰው ይለያችኋል። በ2010 እ.ኤ.አ. በተደረገ ትልቅ ሙከራ ከ80 በመቶ በላይ ብራውዘሮች በቅንብራቸው ብቻ አንዱ ከሌላው ተለይተው ተገኝተዋል። ክትትልን የሚያግድ ብራውዘርና የተለየ አካውንት ይበልጣሉ።

ቴሌግራም ላይ ብቻ መሰወር ለምትፈልጉ፣ በተለይ ከማይታወቁ ወንዶች መልእክት የሚበዛባችሁ እኅቶች፣ ቅንብሩ ውስጥ ስልክ ቁጥርን ማን ያያል የሚለውን "ማንም" አድርጉ። በቁጥር ማን ያገኘኛል የሚለውንም ለተመዘገቡ ሰዎች ብቻ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ከብዙ ቪፒኤን የበለጠ ይሠራል።

ሙስና ወይም በደል ለምትጠቁሙ ነገሩ ከባድ ነው። መሣሪያው ቶር ከብሪጅ ጋር ወይም ሲግናል ነው፣ ግን ከቢሮ ኮምፒውተርና ከቢሮ ዋይፋይ ፈጽሞ አይሁን። ፎቶ ስትልኩ ቴሌግራምም ዋትስአፕም በ"ፋይል" ከላካችሁት የተነሣበትን ሰዓትና ቦታ ይዞ ሊሄድ ይችላል፣ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ግን ያንን ያራግፈዋል። ጽሑፋችሁንም እዩት። አነጋገሩ፣ የሚደጋገመው ቃል፣ "የኛ ሰፈር" የምትሉት ነገር ማንነታችሁን ያወጣዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ያንን ሰነድ ስንት ሰው እንዳየው ቁጠሩ። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አምስት ሰው ብቻ ያየው ደብዳቤ ከሆነ፣ የትኛውም አፕ ከአምስቱ አንዱ መሆናችሁን አይደብቅም። ደብዳቤው ወደ ዞን ወይም ወደ ሌላ ክፍል ተላልፎ ብዙ እጅ እስኪነካው መጠበቅ ከተቻለ ጠብቁ።